ትልልቅ የሕንጻ ዕቃ መደብሮች ፓምፕ መሸጥ ጀመሩ፦ የሰፈር ፓምፕ ቤት በምን ይቆማል?

የለገጣፎው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ። ከአያት አልፎ እስከ ለገጣፎ፣ ከቃሊቲ እስከ ገላን ባለው መስመር ሴራሚክ፣ ቀለምና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ይሸጡ የነበሩ ትልልቅ መደብሮች አሁን የፓምፕ ክፍል እየጨመሩ ነው። ከግማሽ ፈረስ (የፈረስ ጉልበት) ዳይናሞ፣ ማለትም ላዩን ከሚቀመጥ ፓምፕ፣ እስከ 3 ፈረስ ሰብመርሲብል፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ጠልቆ እስከሚሠራ ፓምፕ፣ በመደርደሪያ ተደርድሯል፣ ዋጋው ተለጥፏል፣ ደረሰኝ ወዲያው ይቆረጣል። በኮንቴይነር ስለሚያስገቡ የሰፈር ፓምፕ ቤት ከመርካቶ አከፋፋይ በሚረከብበት ዋጋ እነሱ ለተጠቃሚው ይሸጣሉ።

ነገሩ በዋጋ ብቻ ቢያበቃ አንድ ነገር ነበር። ደንበኛው መጀመሪያ ወደ ሰፈር ፓምፕ ቤት ይመጣል። የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የሮቶውን ከፍታ፣ የቧንቧውን ርዝመት ያስረዳል። ባለሙያው ግማሽ ሰዓት አስልቶ «ይሄ ይሆንሃል» ሲለው የፓምፑን ቁጥር በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይሄድና ከመደብሩ ይገዛል። ከወራት በኋላ ፓምፑ ሲቆም ያንኑ ተሸክሞ ወደ ሰፈር ሱቅ ይመለሳል። ሱቁ ያንን ሞዴል ሸጦት ስለማያውቅ መለዋወጫው የለውም።

ሁለት ነገር ላይ እንድንወያይ እፈልጋለሁ። በከተማችን ዳርቻ ላለ ቤት ፓምፕ ሲመረጥ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ሌላ ምን መታወቅ አለበት? ለዚህ እውቀትስ የሰፈር ሱቅ በምን መንገድ ይከፈለው? እባካችሁ በቁጥርና በዕቃ ስም አስረዱ።

ጥቅለላ ቤት

ከሁለተኛው ጥያቄ በፊት የመጀመሪያው ይቀድማል፤ የሰፈር ባለሙያ የሚሸጠው ነገር እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ተቃጥሎ የመጣ ዳይናሞ ሲፈታ፣ ጥፋቱ ከሽቦው የጀመረበት ጥቂት ነው። የተለመደው ታሪክ ይሄ ነው፦ ያለ ውሃ ይዞራል፣ መካኒካል ሲሉ (በዘንጉ ዙሪያ ውሃ እንዳያልፍ የሚያሽገው ዕቃ) ግሎ ይሰነጠቃል፣ ውሃ በዘንጉ በኩል ወደ ኩሽኔቱ ይገባል፣ ኩሽኔቱ ይዝጋል፣ ሞተሩ ታንቆ ጥቅሉ (የሞተሩ የሽቦ ጥምጥም) ይቃጠላል። ባለቤቱ የሚያየው መጨረሻውን ብቻ ስለሆነ «ሽቦው ደካማ ነው» ይላል።

ያለ ውሃ የሚዞርበት ዋና ምክንያት ደግሞ ካርቶኑ ላይ ያለ ቁጥር ነው። «የመሳብ አቅም 9 ሜትር» ይላል። ፓምፕ ውሃ አይጎትትም። በመሳቢያ ቧንቧው ያለውን አየር ያወጣል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በጉድጓዱ ውሃ ላይ የተጫነው የከባቢ አየር ክብደት ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ይህ ክብደት 10.3 ሜትር የውሃ ዓምድ ያቆማል። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ 7.7 ሜትር ገደማ ነው። ሱሉልታ 2,600 ሜትር አካባቢ ሲደረስ ወደ 7.5 ይወርዳል፣ አቃቂ በኩል 8 ይጠጋል። ይህም ፍጹም ባዶ ቦታ መፍጠር የሚችል ፓምፕ ቢኖር ነው፣ የለም። ከ7.5 ሜትሩ ላይ ለፓምፑ መግቢያ 2 ሜትር፣ ለውሃው ትነት 0.2፣ ለፉት ቫልቩ (በመሳቢያው ጫፍ ሆኖ ውሃው እንዳይመለስ ለሚይዘው) እና ለክርኑ (ለቧንቧው መታጠፊያ) ግማሽ ሜትር ሲቀነስ 4.8 ሜትር ይቀራል። በእኛ ከፍታ ላይ ላዩን የሚቀመጥ ዳይናሞ ውሃው ከ5 ሜትር በላይ ከወረደ አይታመንም። ፋብሪካው አልዋሸም፤ የለካው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው።

ሁለተኛው የካርቶን ቁጥር «ከፍታ 40 ሜትር፣ 40 ሊትር በደቂቃ» የሚለው ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም። 40 ሜትር ሲገፋ የሚወጣው ውሃ ዜሮ ነው፣ 40 ሊትር ሲያወጣ የሚገፋው ከፍታ ዜሮ ነው። በግማሽ ፈረስ ፔሪፈራል (በተለመደው ትንሹ የቤት ዳይናሞ) ላይ መሃሉን በቀጥታ መስመር ቢገምቱት ብዙ አይሳሳቱም፤ በ20 ሜትር ከፍታ 20 ሊትር ገደማ።

ሦስተኛው ሰሌዳው ላይ ያለው ሄርዝ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ለ60 ሄርዝ የተሠራ ፓምፕ እዚህ ሲገባ የሚገፋው ከፍታ ወደ 69 በመቶ ይወርዳል፣ ሞተሩም ከልኩ በላይ ይግላል። ከካርቶኑ ይልቅ በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡ።

ሱሉልታ ነዋሪ

ጋሼ ጥቅለላ ቤት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእጅ ጉድጓዳችን 14 ሜትር ነው፣ ውሃው 4 ሜትር ላይ ይታያል። ከመደብር 1 ፈረስ ዳይናሞ ሊገዛ ታስቧል። ይሠራል ማለት ነው?

ጉድጓድና ፓምፕ

ወንድሜ፣ 4 ሜትር የተለካው በየትኛው ወር ነው? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። በመስከረም የተለካ ከሆነ ክረምቱ የሞላውን ነው ያያችሁት። የእጅ ጉድጓድ ውሃ እስከ ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ድረስ እየወረደ ይሄዳል፣ ፓምፕ መመረጥ ያለበት በዚያ ወቅት ባለው ልክ ነው። በተጨማሪ ፓምፑ ሲሠራ ውሃው ካረፈበት ይወርዳል። ገመድ ላይ ድንጋይ አስራችሁ፣ ለ30 ደቂቃ ውሃ ካወጣችሁ በኋላ ልኩ። በግንቦት ከ5 ሜትር በላይ የሚወርድ ከሆነ ላዩን የሚቀመጠውን ተዉት፣ 2 ፈረስም ቢሆን አይረዳም። የአየር ክብደቱ በፈረስ ጉልበት አይጨምርም።

ያላችሁ ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ ባለ ሁለት ቧንቧ ጄት ፓምፕ ነው፤ ኤጀክተሩ (ውሃውን በግፊት ወደ ላይ የሚያስወጣው ክፍል) ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል፣ ሞተሩ ላይ ይቀራል። ለጥገና ይመቻል፣ መብራት ግን ይበላል። ሌላው ሰብመርሲብል ነው። ሞተሩ በውሃ ስለሚቀዘቅዝ የከፍታችን ስስ አየር ብዙ አይጎዳውም። ላዩን የሚቀመጡት ሞተሮች በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ስለሚሠሩ እኛ ጋ ሙሉ ጭነት ላይ ረጅም ሰዓት ሲሠሩ ይግላሉ። ሰብመርሲብሉን መሬት አታስነኩት፤ ከጉድጓዱ ወለል ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በናይሎን ገመድ አንጠልጥሉት። በኤሌክትሪክ ኬብሉ አታንጠልጥሉት።

ኬብሉ ላይ መደብሮቹ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። 1 ፈረስ ሰብመርሲብል ሲሠራ 6 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ሲነሳ ግን 30 ሊደርስ ይችላል። ከቆጣሪው እስከ ፓምፑ 60 ሜትር ቢሆን፣ በ1.5 ኬብል (የሽቦው ውፍረት 1.5 ካሬ ሚሊ) ሲነሳ 42 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በ2.5 ኬብል 25 ቮልት ነው። ምሽት ላይ መስመሩ 190 ቮልት በሚሆንበት ሰፈር 1.5 ኬብል የዘረጋ ሰው ፓምፑ ጋ የሚደርሰው ከ150 በታች ነው። የማስነሻ ጉልበት በቮልቱ ካሬ ልክ ስለሚቀንስ ከግማሽ በታች ይቀራል። ፓምፑ «እምም» ብሎ ቆሞ ይግላል። ሰው ፓምፑን ይመልሳል፣ መደብሩ ሌላ ይሰጠዋል፣ ያም ይቃጠላል።

ሽያጭ ክፍል

ከእነዚህ መደብሮች በአንዱ የፓምፕ ክፍል እሠራለሁ፤ የእኛንም ወገን ልናገር።

ዋጋ መለጠፍና ደረሰኝ መቁረጥ ትንሽ ነገር አይደለም። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ገዢው ዕቃው ጉድለት ካለበት በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን ምን ይዞ ይጠይቃል? ብዙ ትንንሽ ሱቆች ያለ ደረሰኝ ይሸጣሉ። ሌላው የሽቦው ነገር ነው። መዳብ ተብሎ የሚሸጥ፣ የመዳብ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም የተጠቀለለበት ዳይናሞ ገበያው ውስጥ በሽ ነው። ትልቅ መደብር ከአቅራቢው ዝርዝር ጠይቆ ነው የሚቀበለው፣ ስሙ ይጎዳልና።

የሚነሳብን ቅሬታ ትክክል የሆነበትም ቦታ አለ። ሻጩ ትናንት ሴራሚክ ክፍል የነበረ ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለ ፈረስ ጉልበት ይጠየቃል፣ ስለ ከፍታ የሚጠይቀው ግን የለም፣ ቢጠየቅም አያውቅም። መለዋወጫ የማንይዘውም በአንድ ምክንያት ነው፦ እያንዳንዱ ዕቃ በኮምፒውተር ኮድ ተመዝግቦ በዓመት ስንት ጊዜ እንደዞረ ይታያል። 12 ሚሊ ሲል በዓመት አሥር ቢሸጥ መደርደሪያው ላይ ቦታ አያገኝም።

ጥቅለላ ቤት

ሽያጭ ክፍል፣ በግልጽ ስለተናገርክ አመሰግናለሁ። የአሉሚኒየሙ ነገር እውነት ነው፤ ሲገዛ እንዴት እንደሚለይ ልጨምር። ተመሳሳይ ፈረስና ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ሁለት ዳይናሞዎች በእጅ መዝኑ፤ አሉሚኒየሙ በግልጽ ይቀላል። ከተቻለ የተርሚናል ሳጥኑን ክዳን ክፈቱና ከጥቅሉ የሚወጣውን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ትንሽ ፋቁ። ብርማ ሆኖ ከታየ አሉሚኒየም ነው። አንዳንዱ ፋብሪካ ጫፉን ብቻ በመዳብ ስለሚቀጥል ክብደቱንም አትተዉ። አሉሚኒየም በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ በልኩ ወፍሮ ከተጠቀለለና በዋጋው ከተሸጠ ይሠራል። መዳብ ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው ጥፋቱ።

ዋስትናውን ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። «ቮልቴጅ ከ10 በመቶ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ዋስትናው አይሠራም» የሚል መስመር የተለመደ ነው። ለ220 ቮልት ከ198 እስከ 242 ማለት ነው። ምሽት 180 በሚወርድበት የከተማ ዳርቻ ላለ ሰው ያ ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባዶ ነው። ያለ ውሃ መዞርም አይሸፈንም፣ ሲልም አይሸፈንም። ታዲያ በእኛ ሰፈር ፓምፕ የሚሞተው በነዚህ በሦስቱ ነው።

ቧንቧ ሠራተኛ

ስለ ቧንቧው የተናገረ የለም። 25 ሚሊ ፒፒአር (በሙቀት የሚጣበቀው የፕላስቲክ ቧንቧ) ስትገዙ 25 የሚለው የውጭ ልክ ነው። ወፍራሙ ዓይነት ውስጡ 16.6 ሚሊ ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ባለ አንድ ኢንች» ብሎ ያስባል፤ ሦስት ሩብ ኢንችም አይሞላም።

አንድ ጂ+2 ቤት እንውሰድ። የመሬት ውስጥ ገንዳ አለ፣ ከገንዳው ውሃ እስከ ጣሪያው ሮቶ አፍ 13 ሜትር፣ ቧንቧው በአጠቃላይ 25 ሜትር፣ ክርኖቹ ሰባት ስምንት። በደቂቃ 30 ሊትር ለማሳለፍ በ25 ሚሊ ፒፒአር በግጭት ብቻ 12 ሜትር ገደማ ይጠፋል፣ በ32 ሚሊ ግን 4 ሜትር። ፓምፑ 25 ሜትር ይገፋል ወይስ 17 ሜትር? ልዩነቱ በዚያ ቧንቧ ዋጋ ውስጥ ነው ያለው። አሁን ሰውየው «ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው» ብሎ ከመደብር 1 ፈረስ ገዝቶ በዚያው 25 ሚሊ ላይ ቢያስር፣ 60 ሊትር ለማሳለፍ ከ40 ሜትር በላይ በግጭት ይጠፋል። ፓምፑ ያንን አይችልም፣ ስለዚህ የሚያገኘው ከበፊቱ ትንሽ የተሻለ ብቻ ነው፤ የመብራት ሂሳቡ ግን እጥፍ።

መሳቢያው ላይ ደግሞ ይብሳል። ፓምፑ አፍ ላይ ያለው 1 ኢንች ከሆነ መሳቢያውን ከ1 ኢንች አታሳንሱ፣ ከፓምፑ እስከ ጉድጓዱም ሽቅብ የሚወጣ ጉብታ አይኑርበት፤ አየር እዚያ ይቀመጣል። ቃጫና ቴፍሎን በደንብ ካልተጠቀለለ ውሃ ሳይንጠባጠብ አየር ይስባል። ውጭ ደረቅ ስለሆነ ማንም አያየውም፣ ፓምፑ ግን በየቀኑ ውሃ ካልተሞላ አይነሳም። ይህን የሳሙና አረፋ በመቀባት ማወቅ ይቻላል፤ ፓምፑ ሲሠራ አረፋው ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል።

እባካችሁ ደግሞ ዳይናሞ ከመንግሥት ቧንቧ ጋር በቀጥታ አታገናኙ። መስመሩ ውስጥ ውሃ ሲጠፋ ዳይናሞው በተሰነጠቀው ቦታ ሁሉ የቦይ ውሃ ስቦ ያስገባል፣ ለጎረቤትም ይተርፋል። መጀመሪያ ወደ ገንዳ ይግባ፣ ከገንዳ ይሳብ።

ኮዬ ፈጬ ኮሚቴ

የብሎካችን ኮሚቴ ከመደብር አውቶማቲክ ኮንትሮለር ያለው ፓምፕ አስገዝቷል። ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር እየቀነሰም ፓምፑ አይነሳም። በእጅ ዳግም ማስጀመሪያውን ሲጫኑት ይሠራል። ሻጩ «ኮንትሮለሩ ተበላሽቷል» ብሎ ቀየረልን፤ አዲሱም ያው ነው። ብታስረዱኝ።

ጉድጓድና ፓምፕ

እህቴ፣ ኮንትሮለሩ አልተበላሸም፣ ቦታው አይደለም። እነዚህ ዕቃዎች ግፊቱ ወደ 1.5 ባር ሲወርድ ነው ሞተሩን የሚያስነሱት። 1.5 ባር ማለት 15 ሜትር ውሃ ነው። ታንከራችሁ ከአራተኛ ፎቅ በላይ ስለሆነ ቧንቧው ውስጥ የቆመው ውሃ ራሱ ኮንትሮለሩ ላይ ከ15 ሜትር በላይ ይጫናል። ግፊቱ መቼም 1.5 ስለማይደርስ አይነሳም።

ታንከር ለመሙላት ኮንትሮለር አያስፈልግም። ሁለት ተንሳፋፊ ስዊች በተከታታይ ይታሰሩ፦ አንዱ ላይ ታንከር ውስጥ ሲሞላ የሚያጠፋ፣ አንዱ ታች ገንዳ ውስጥ ውሃ ሲያልቅ የሚያጠፋ። የታችኛው ከፉት ቫልቩ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያጥፋ። ከ1 ፈረስ በላይ ከሆነ ስዊቹ ሞተሩን በቀጥታ አይሸከም፣ በኮንታክተር (ትልቁን ኤሌክትሪክ በሚሸከም ማብሪያ) ይሁን። በፈረቃ ውሃ በሚመጣበት ሰፈር ከዚህ የታችኛው ስዊች የበለጠ ፓምፕ የሚያድን ዕቃ የለም፣ ዋጋውም ከአንድ ጥቅለላ እጅግ ያነሰ ነው። መደብሮቹ ከፓምፑ ጋር አብረው ቢሸጡት ግማሹ ችግር ይቀር ነበር።

ገላን ሂሳብ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ይዞ መቆየት ብዙ ገንዘብ ያስራል። በሰፈር ሱቅ አቅም 20 ካርቶን ፓምፕ መደርደር ማለት ካፒታሉን በሙሉ መደብሩ በሚያሸንፍበት ሜዳ ላይ ማሰር ነው። ነገሩም ገና ነው። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ በ2016 ባወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል፤ ከአሁኖቹ የሚበልጡ መደብሮች ሊመጡ ይችላሉ። በካርቶን ዋጋ የሚደረግ ፉክክር ለሰፈር ሱቅ አልቋል ብላችሁ ተነሱ።

ሽያጭ ክፍል ራሱ መንገዱን ነግሮናል፦ በዓመት አሥር የሚዞር ሲል መደብር ውስጥ ቦታ የለውም። ያ ቦታ የሰፈር ሱቅ ነው። በሁለት ካርቶን ፓምፕ ዋጋ 12 እና 14 ሚሊ ሲሎች፣ ከ8 እስከ 25 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች (ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዱ)፣ 6201፣ 6202፣ 6203 ኩሽኔቶች፣ ፉት ቫልቭ፣ ተንሳፋፊ ስዊችና ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) መያዝ ይቻላል። ፓምፑ ከየትም ይገዛ፣ እነዚህ ቁጥሮች በብዙዎቹ ላይ አንድ ናቸው። በዙሪያው ያሉት መደብሮች የሚሸጡትን አምስት ስድስት ሞዴል ሰሌዳ ፎቶ አንስቶ የእያንዳንዱን ሲልና ኩሽኔት ቁጥር መዝግቦ መያዝ ነው። መደብሩ በሸጠ ቁጥር የሱቁ ሥራ ይጨምራል።

ለምክሩም ይከፈል። «የልኬት አገልግሎት» ተብሎ ዋጋው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ በደረሰኝ ይቆረጥ። ደንበኛው ፓምፑን ከፈለገበት ይግዛ።

የለገጣፎው

ገላን ሂሳብ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ሰው ለምክር አይከፍልም። «ለቃል ምን ይከፈላል?» ብሎ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳል፣ እዚያ በነጻ ይነገረዋል።

ገላን ሂሳብ

ሱቅ ቆሞ ለሚነገር ቃል አይከፍልም፣ ልክ ነህ። ቤቱ ድረስ ሄዶ ለሚለካ ግን ይከፍላል። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ነው። ባለሙያው በገመድ የውሃውን ልክ፣ በሜትር ከፍታውን፣ በቮልት መለኪያ የመብራቱን ልክ ወስዶ፣ ማኅተም ባለው ወረቀት «ለዚህ ቤት፦ 17 ሜትር ከፍታ በ25 ሊትር፣ ኬብል 2.5፣ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል» ብሎ ፈርሞ ይሰጣል። ገዢው ያንን ይዞ መደብር ሲሄድ ሻጩ ከሰሌዳው ጋር ያመሳክራል። ሱቁ የገጠመውን ደግሞ ራሱ ዋስ ይሆናል፦ «በዚህ ልክ ተገዝቶ እኛ ከገጠምነው ለ6 ወር ያለ ውሃ ቢዞርም እኛ እንጠግናለን»። ተንሳፋፊ ስዊቹን ራሱ ስለሚያስር ብዙ አደጋ የለበትም። መደብሩ ሊሰጥ የማይችለው ዋስትና ይሄ ነው።

ቡራዩ ጥገና

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ፓምፑ የተበላሸበት ቤት ጥገናን አራት ቀን መጠበቅ አይችልም፤ ፈረቃው ያልፈዋል። መደብሩ የዋስትና ዕቃ ተቀብሎ ወደ ዋናው መጋዘን ልኮ እስኪመለስ ሳምንት ይሄዳል። የሰፈር ሱቅ ሁለት ሦስት የተጠገኑ ግማሽ ፈረስ ፓምፖች ይዞ ለጥገናው ቀናት ያውስ። በዩኒየን (በሚፈታ መገጣጠሚያ) ከታሰረ ፈትቶ ለመተካት 20 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ስትገጥሙ በሁለቱም በኩል ዩኒየንና ሳራቺኔስካ (የውሃ መዝጊያ) አድርጉ፤ ፒፒአሩን በቀጥታ ፓምፑ ላይ አታጣብቁ።

ሲል ስለመቀየርም፣ ብዙ ወጣቶች አዲሱን ሲል በሁለተኛው ሳምንት ያበላሹታል። አሮጌው ሲወጣ የካርቦኑን ፊት በብርሃን እዩት። ጤነኛ ያረጀ ከሆነ እንደ መስታወት ለስልሷል። ክብ ክብ ጭረት ካለው አሸዋ ነው፤ አዲስ ሲል ብቻ መግጠም ዋጋ የለውም፣ ገንዳው ይታጠብ፣ ፉት ቫልቩ ላይ ወንፊት ይግባ። ሴራሚኩ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ያለ ውሃ ዞሮ ሲግል ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ደርሶታል። አዲሱን ስትገጥሙ ሁለቱን ፊቶች በጣት አትንኩ፣ ግራሶም አታድርጉ። ጎማው እንዲንሸራተት ንጹሕ የሳሙና ውሃ ይበቃል። ሴራሚኩ ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ፣ ግማሽ ሚሊ ቢያጋድል እንኳ፣ በየዙሩ ያንጠባጥባል።

ፔሪፈራሉ ለብዙ ወር ቆሞ ከሆነ ደግሞ ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) በዝገት ይያዛል፣ ክፍተቱ ጠባብ ነውና። መብራቱን አጥፍታችሁ፣ ከኋላ ማራገቢያው በኩል ባለው የዘንግ ጫፍ ካቻቢቴ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ተፈቶ ሁለት ሦስት ዙር ከዞረ በኋላ ነው መብራት የሚሰጠው። ይህን ሳያደርጉ እየደጋገሙ ማብራት ካፓሲተሩን ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ጥቅሉ ይከተላል። የተነፋ ካፓሲተር ሲቀየር ሰሌዳው ላይ ያለው ማይክሮፋራድ ይጠበቅ፤ «ጉልበት ይጨምራል» ብሎ 10 በነበረበት 20 ማስገባት ሞተሩን ማቃጠል ነው።

ሽያጭ ክፍል

የልኬት ወረቀቱ ሐሳብ ለእኛም ይጠቅማል። ተመልሰው ከሚመጡብን ፓምፖች ብዙዎቹ ጤነኛ ናቸው፣ ያለ ቦታቸው የተገዙ። በየአካባቢው ሁለት ሦስት ፓምፕ ቤቶች ስልካቸው ክፍላችን ውስጥ ተለጥፎ፣ ገዢው ከመግዛቱ በፊት ልኬት እንዲያስወስድ ብንመራው ኪሳራችን ይቀንሳል። ኃላፊዎቹ እንዲቀበሉት ግን ወረቀቱ በሁሉም ሱቅ አንድ ዓይነት ቢሆን ይረዳል፤ ልጆቹ የሚያነቡት ከፍታን በሜትር፣ ውሃን በሊትር በደቂቃ፣ መሳቢያን በሜትር ብቻ ይሁን። ፈረስ አትጻፉበት። ፈረስ ከተጻፈ ሌላውን ማንም አያየውም።

የለገጣፎው

ተቀብያለሁ። ረቂቁን እኔ አዘጋጅቼ እዚሁ እለጥፋለሁ። እስካሁን ያሉት ቦታዎች፦ የመሳቢያ ጥልቀትና የተለካበት ወር፣ ከውሃው እስከ ሮቶው አፍ ያለው ከፍታ፣ የቧንቧው የውስጥ ልክና ርዝመት፣ ከቆጣሪ እስከ ፓምፕ ያለው የኬብል ርዝመት፣ ቮልት፣ የሚፈለገው ሊትር በደቂቃ፣ ተንሳፋፊ ስዊች መኖሩ። የቀረ ካለ ጨምሩ።

ጥቅለላ ቤት

ቮልቱን ሁለት ቦታ አድርገው፤ አንዱ ቀን፣ አንዱ ምሽት ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ፓምፑ ጋ እንጂ ቆጣሪው ጋ አይደለም። ምጣድ ሁሉ የሚጣደው ያኔ ነው። የጉድጓዱ ወር መስከረም ወይም ጥቅምት ከሆነ ደግሞ ሥሩ በቀይ «በግንቦት እንደገና ይለካ» የሚል ቦታ ይኑረው፣ ለዚያ ተመልሶ የሚሄደውም ያው ሱቅ ይሁን።